ሁለት መቃብር የተቆፈረለት ሰው

ቃሬዛውን የደረስኩበት ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲያጋምስ ነው። በአንድ እጄ የነጠላዬን ጫፍ፣ በሌላው ጥቁር ልባድ ያለውን ደብተሬን ይዤ ከትምህርት ቤቱ እስከዚያ ድረስ ሳላርፍ ሮጫለሁ። ከፊት የተሸከሙት ሁለቱ የአገሩ ነባር በርታዎች የሟቹ የዳምጠው ሚስት ወንድሞች ናቸው፤ ከኋላ የተሸከሙት ሁለቱ የእኛ ሰፋሪዎች። አራቱም እኩል ይራመዳሉ። የፊተኞቹ ግን የሚሄዱት ወደ መስጊዱ መቃብር ነው፤ የኋለኞቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። መንገዱ እስከ ማንጎዎቹ ድረስ አንድ ስለሆነ እስከዚያች ሰዓት የተጣላ አልነበረም።

ግንቦት 1987 ነው። አዲሱን ክልል ሰዉ ገና «ክልል ስድስት» እያለ ይጠራዋል። አሶሳ ላይ ማኅተም ይቀረጻል፣ ወንበር ይከፋፈላል፤ በእኛ አምባ ደግሞ፣ የድሮው መንግሥት ከስም ይልቅ ቁጥር በሰጣት የሰፋሪዎች መንደር፣ ማን የማን እንደሆነ በየቀኑ ይጠየቃል። መሬቱ የማን ነው? ወፍጮው የማን ነው? ዛሬ ደግሞ ሬሳው የማን ነው ተባለ።

ጋሽ አምባው ከቃሬዛው ጎን ዶማና አካፋውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል። የአምባችን መቃብር ቆፋሪ ነው። በድርቁ ዓመት ከወሎ ሲያመጡት ሦስት ልጆች ይዞ ነበር፤ እዚህ አገር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉድጓዶች የቆፈረው ለእነሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሆኖ ቀረ።

«ጋሽ አምባው፣ ደርሻለሁ» አልኩት እያለከለክሁ። «ዛሬ የመስጊዱን ሼህ እኔ ነኝ የማናግራቸው።»

«ደብተሩንም አምጥተሃል?»

«አርባ ሁለት ጥያቄ ከነመልሱ።»

«አርባ ሦስተኛውን ቢጠይቁህስ፣ መምህር?»

ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ፣ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ፣ ሃይማኖቱን በወጉ የተማርኩ ቴዎፍሎስ፣ ከአንድ ቆፋሪ ጋር አፍ መካፈት አልፈለግሁም። ከኋላችን የዳምጠው እህት በለጡ በደረቀ ድምፅ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ትላለች። እንባዋ ከማለዳ ጀምሮ አልቋል።

ዳምጠው ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ሳሙናና ስኳር በአህያ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ከእኛ መንደር ወጥቶ በርታዋን ዐዋጢፍን አግብቶ በአባቷ ግቢ ሰባት ዓመት ኖረ። ወባ የገደለው እዚያው ነው። ነግቶ ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ አጥበው በነጭ ጨርቅ ከፍነውት አገኘን። አምባው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉድጓድ ቆፈረ። የዐዋጢፍ ወንድሞች በመስጊዱ ማዶ ሌላ ቆፈሩ።

ማንጎዎቹ ጋ መንገዱ ይከፈላል። ቃሬዛው ቆመ። የፊተኞቹ ወደ ቀኝ፣ የኋለኞቹ ወደ ግራ ሳቡ፤ ሬሳው በመሐል ተንገዳገደ። በለጡ ጮኸች። ዱላዎች ከመሬት ተነሱ።

«አስቀምጡት!»

የተናገረው ጁምዓ ነው። የወረዳው ሰው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ በርታ ነው፤ ሞተር ሳይክሉን ከዛፍ አስደግፎ ሁለት ሚሊሻ ከጎኑ አቁሞ ጠብቆናል። ከጎኑ ሼህ ዐብዱልቃድር በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በወለጋ ገበያዎች ሃያ ዓመት ነግደው አማርኛውን ከብዙዎቻችን በተሻለ ይናገራሉ። ለዐዋጢፍ ደግሞ አጎት ናቸው።

«ባለፈው ዓመት ለአንድ ፍየል ሦስት ሰው ቀብረናል» አለ ጁምዓ። «ለአንድ ሬሳ ስንት እንደምንቀብር አላውቅም። አዲሱ ሕግ ሁሉም በሃይማኖቱ ይደር ይላል። የሞተ ሰው ግን ፎርም አይሞላም። ተነጋገሩና አንድ ነገር በሉ፤ ፀሐይዋ አትጠብቅም።»

ይህን ሰዓት ነበር የጠበቅሁት። ደብተሬን ገልጬ ቆምኩ። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመርኩ፤ ስለ ሥላሴ። ድምፄ ጥሩ ነው፣ ይሰማል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ከዐዋጢፍ ወንድሞች አንዱ በበርታ ቋንቋ የሆነ ነገር ብሎ ዱላውን አነሳ። የእኛዎቹም አነሱ። ሚሊሻዎቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻ አወረዱ። ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እውነት ሲነገር ጠላት ይንቀጠቀጣል ብዬ አሰብኩ።

አምባው ነጠላዬን ሳብ አደረገኝ። «መምህር፣ የምንቀብረው ዳምጠውን ነው። ሥላሴን ማንም አይቀብርም፣ አትስጋ። ተቀመጥ።»

አንድ በርታ ሳቀ። ከዚያ የእኛም ሰው ሳቀ። ዱላዎቹ ዝቅ አሉ። ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

አምባው ዶማውን አስቀምጦ በሼሁ ፊት ከበርጩማቸው ዝቅ ብሎ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ሼህ፣ እርስዎ ይጀምሩ። ዳምጠውን እንዴት ነው የሚያውቁት?»

ሼሁ ጀመሩ። ዳምጠው በሮመዳን ከሚስቱ ጋር ጾሟል። የአማቱ ጀናዛ ሲወጣ ቃሬዛውን ከፊት ሆኖ ተሸክሟል። ሰባት ዓመት ሙሉ የእስላም ሥጋ በልቷል። ሲያጥቡት አንገቱ ላይ ማተብ አልተገኘም።

«ጨረሱ?» አለ አምባው።

«አልጨረስኩም።» ሼሁ ስለ አንድ የጨው ጭነት አወሩ፤ ዳምጠው ሚዛን እንደማያጎድል፣ ወንዝ ሲሞላ የሰው ልጅ ተሸክሞ እንደሚያሻግር። ለክርክሩ ምንም የማይጠቅም ነገር ነው። አምባው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አፋቸውን እያየ ያዳምጣል። እኔ ደብተሬ ውስጥ የሥጋውን ጉዳይ የሚመለከተውን መልስ እፈልጋለሁ።

«ጨረሱ፣ ሼህ?»

ሼሁ ጢማቸውን ያዙ። «አንድ ነገር አለ» አሉ። «ካልነገርኩህ ይከብደኛል። አምና ክረምት ዝናብ ሲይዘው መስጊድ ገብቶ ተጠለለ። እኛ ሰገድን። እሱ ከበሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር። በኋላ ‹ለምን አትሰግድም?› አልኩት። ‹ሼህ፣ እኔ የሌላ ቤት ልጅ ነኝ። ዝናቡ ነው ያስገባኝ› አለኝ።»

ከበርታዎቹ መካከል ማጉረምረም ተነሳ። እኔ ብሆን ሼሁን ገና ሮመዳን ሲሉ አቋርጣቸው ነበር። ይህን ማንም ሳይሰማው ይቀር ነበር።

የዐዋጢፍ ታላቅ ወንድም ዱላውን መሬት ላይ ወጋ። «የሌላ ቤት ልጅ ከሆነ ክሩ የታለ? ራሳችሁ አይደላችሁ ክር የሌለውን ክርስቲያን አይደለም የምትሉት? ወይስ ስትፈልጉ ትፈቱታላችሁ?»

«ጨረስክ፣ ወንድሜ?»

«ጨረስኩ!»

«ልክ ነህ፣ እንላለን» አለ አምባው። «ግን እስቲ ልጠይቅህ። በሬህ ሲጠፋ በምን ታውቀዋለህ?»

«በገመዱ። በጠባሳው።»

«ልጅህ ሲጠፋስ?»

ሰውየው የወጋውን ዱላ ከመሬት ነቀለ።

«ልጅ በገመድ አይታወቅም። እኛም አንዳንዴ ልጅና በሬ ይምታታብናል። ክሩ የት እንደገባ ግን እኔም አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ይንገረን።»

ያን ጊዜ ከማንጎዎቹ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። ዐዋጢፍ ነበረች። በእነሱ ወግ ሴት ወደ ሬሳ መንገድ አትወጣም፤ ግን የማንጎዎቹ መሬት የአባቷ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጇን አዝላለች። በለጡ ሄዳ አጠገቧ ቆመች። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ተነጋግረው የማያውቁ ሁለት ሴቶች ናቸው።

«ክር ነበረ» አለች ዐዋጢፍ በተሰባበረ አማርኛ። «እኔ አውቃለሁ። ከኩርሙክ ስንመጣ መንገድ ላይ ምጥ መጣ። ሰው የለም። ልጅ ወጣ፣ ሴት ነው። እትብት ማሰሪያ የለም። ዳምጠው ክሩን ከአንገት በጠሰ፣ በእሱ አሰረ። ቢላዋ እኔ ያዝኩ።»

በለጡ እጇን የልጅቷ ጀርባ ላይ አኖረች።

«ከዚያ ሌላ ክር ፈለገ። ዘንድሮ ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ቄስ ባርኮ ይሰርልኝ አለ። ሲመለስ አልበላም። ‹ምን አሉህ?› አልኩ። ‹በር ላይ ወረቀት አለ› አለ። ሌላ አልነገረኝም።»

እኔ ያ ወረቀት ምን እንደሚል አውቅ ነበር። ደብተሬን ዘጋሁ።

አምባው ወደ ሼሁ ዞረ። «ሼህ፣ እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ አልተማርኩም። መምህሩ የሚያውቀውን አላውቅም። ክርስቲያን ምን ብሎ ያምናል ቢሉኝ ግን የምመልሰው አንድ ነው። ለእኛ ሲል የራሱን ነፍስ ያልከለከለ አለ ብለን እናምናለን። በዚያ የተጠመቀ ሰው ደግሞ፣ ጫካ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ከአንገቱ አውጥቶ ለልጁ ሕይወት አሰረበት። ይህ ሰው ማተቡን ጣለው እንዴ? እኔ አልፈርድም። እርስዎ ይፍረዱ።»

«በምትሉት አልስማማም፣ አምባው» አሉ ሼሁ። «ዒሳ፣ ኢየሱስ የምትሉት፣ እኛም ዘንድ ክቡር ነው። እናንተ የምትሉትን ግን አንልም።»

«አውቃለሁ፣ ሼህ። እንዲስማሙ አይደለም የመጣሁት።»

የዐዋጢፍ ታላቅ ወንድም በቁጣ ተነሳ። «ይህ ሰው ክርስቲያን ነው ካላችሁ እህታችን ሰባት ዓመት ምን ሆና ኖረች? ይህች ልጅ የማን ናት? ሰው ምን ይለናል?»

ዋናው ነገር ይኸው ነበር። ጉዳዩ ከሬሳው ይልቅ የአንዲት ሴት ክብር ነው። የእነሱ ሕግ ክርስቲያን ባል አይፈቅድላትም። እኔ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ጥሩ፣ የሚያቆስል መልስ። አምባው ቀድሞኝ አንገቱን ደፋ።

«ይህ ከባድ ነው» አለ።

ሼሁ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። ምን እንደምትል በበርታ ጠየቋት። እሷ ግን ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ መለሰች።

«የእኔን ስም ተዉት። እሱ ለእኔ አልዋሸም። እኔ ሞቶ አልዋሽበትም።»

ሼህ ዐብዱልቃድር በርጩማቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ሰውየው በአፉ የእስልምናውን ምስክርነት፣ ሸሃዳን፣ አላለም። ያላለውን ብሏል ብዬ አላህ ፊት አልቆምም። የእናንተ ነው፤ ውሰዱት። ጨርቁ ከእኛ ነው፣ አትግፈፉት።» ለወንድሞቿም «የቆፈራችሁትን ድፈኑ» አሏቸው። ከዚያ አምባውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አማና ነው፣ አደራ ነው። አማና ሰጥቼሃለሁ።»

አምባው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ጁምዓ ሞተሩን አስነሳ፤ ሲያልፍ ግንባሩን ጠርጎ «አንተ ሽማግሌ ምክር ቤት መግባት ነበረብህ» አለው።

«ምክር ቤት ጉድጓድ አለ እንዴ?» አለ አምባው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ በለጡ ሁለት ጊዜ እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች። ለሬሳ እልል አይባልም። እኔ ግን የበሩን ወረቀት እያሰብኩ ነበር። «ጋሽ አምባው» አልኩት፣ «ቄሰ ገበዙን እኔ ቀድሜ ላናግራቸው።» «አናግር» አለኝ። ሮጥኩ። በዚያች ቀን ሁለተኛ ሩጫዬ ነው።

ቄሰ ገበዙ በሩን ዘግተው ከውጭ ቆመዋል። ወረቀቱ ከራሳቸው በላይ በሰሌዳው ላይ አለ። ስድስት ወር ቢሆነውም ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ጥሩ ቀለም መርጬ ነበር።

«አባቴ፣ ሼሁ ለቀውልናል! ክርስቲያን መሆኑ ተመሰከረ!»

«ማን መሰከረ?»

«እነሱ ራሳቸው።»

«እስላሞች» አሉ። «ያጠበው ማን ነው?»

ቃሬዛው ወደሚመጣበት መንገድ ዞሬ አየሁ።

«ማተብ አለው? ንስሐ ገብቷል? በምን ጋብቻ ኖረ?» ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው። ግን ስጽፈው ለ...»

«ለማን ነበር የጻፍከው? ‹በዚህ ዘመን አጥራችንን ካላጠርን ተዋጥን› ብለህ ጉባኤውን ያስለቀስከው አንተ። እኔ ይቆይ ብዬ ነበር። ‹አይቀበርም› ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ያሰመርከው አንተ። አሁን ለአንድ ነጋዴ ብዬ ብከፍት ነገ ለሌላው ምን እላለሁ?»

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ ድረስ በደንብ አላስታውስም፤ ፈሪሳዊ ያልኳቸው ይመስለኛል። ሁሉ የተማርኩት ከአፌ ወጣ። ቄሰ ገበዙ ጣታቸውን ከወረቀቱ አላወረዱም። ቃሬዛው ደርሶ ቆመ። አምባው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ፣ ጨረሱ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ እኔን ያዳምጡኝ።»

«ተጽፏል፣ አምባው።»

«ተጽፏል፣ አውቃለሁ። ግን ጉድጓዱን ዛሬ ጠዋት...»

«ተጽፏል አልኩህ እኮ!»

በበርታዎቹ ዘንድ እስኪጨርስ የተደመጠው አምባው፣ በራሱ ቤት ደጃፍ አንድ ዓረፍተ ነገር አልሞላም። ከአጥሩ ውስጥ ጠዋት የቆፈረው አፈር ክምር ይታይ ነበር፣ ቀይ፣ ገና እርጥብ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዝንቦች መጥተዋል። በለጡ ከቃሬዛው ሥር አፈር ላይ ተቀምጣለች። «ለሼሁ እንመልስላቸው» አለች። «ጋሼ፣ እባክህ። እነሱ እንኳ ይወዱት ነበር።»

«በሰው ሁሉ ፊት እውነት ተናገሩ፣ የወንድማቸውን ልጅ ስም እንኳ አሳልፈው ሰጡ» አለ አምባው። «አሁን ተመልሼ ይዋሹልኝ ልበላቸው? ጉድጓዱንም ደፍነውታል።»

ወዴት እንደምንወስደው ሳናውቅ ቃሬዛውን አነሳን። ከፊት አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። መምህር ነኝና ትከሻዬ ሸክም አያውቅም፤ ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ቆዳዬ ተላጠ። ደብተሬን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ማንጎዎቹ ጋ ዐዋጢፍ እዚያው እንደቆመች አገኘናት። ቃሬዛውን አየች። ከየት እንደተመለስን ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለበለጡ ሰጠቻት።

«የአባቴ ዛፍ ነው» አለች፣ ትልቁን ማንጎ እያሳየች። «ማንም አይከለክልም።»

አምባው ዶማውን አነሳ። ሥሩ ብዙ ነበር፣ አፈሩ ደረቅ። የበሰለ ማንጎ በየጊዜው ይወድቃል፤ ሰው ይደነግጣል። ከወንድሞቿ ታናሹ መጥቶ ሳይናገር ሥሩን በመጥረቢያ መቁረጥ ጀመረ። ታላቁ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ ሼህ ዐብዱልቃድር ከመስጊዱ መንገድ መጡ። ጠርተናቸው አልነበረም። ቃሬዛውን፣ ጉድጓዱን፣ እኛን ተራ በተራ አዩ።

«አምባው፣ አማናዬን ምን አደረግኸው?»

ቀኑን ሙሉ ለሁሉም መልስ የነበረው ሰው ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለ። ፊቱ በላብና በአፈር ተሸፍኗል።

«የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ድንጋይ ሆነብኝ፣ ሼህ። አርጅቻለሁ። መቆፈር አቃተኝ።»

ሼሁ ይህን ውሸት ሰሙት። ለእኔ ብሎ እንደዋሸ ገባኝ። ከዚያ ቀን በፊት ማንም ለእኔ ብሎ ዋሽቶ አያውቅም።

«እሱ አይደለም» አልኩ። «ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። ስድብ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማቸው ጠዋት ከነበረበት አልተነሳም፤ ተቀመጡበት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ አምባው ሲያደርግ እንዳየሁት።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው? እስቲ በቃልህ በልልኝ።»

በቃሌ አውቀው ነበር። ዐዋጢፍ ፊት፣ በለጡ ፊት፣ በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለው ሰው ፊት ቆሜ ጀመርኩ። «አንደኛ፣ የክርስትና ምልክት የሆነውን ማተብ በአንገቱ ያላሰረ። ሁለተኛ፣ የአሕዛብን ሥጋ በልቶ ንስሐ ሳይገባ የሞተ። ሦስተኛ፣ ከማያምኑ ጋር በጋብቻ ተጣምሮ የኖረ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፣ ፍታትም አይደረግለትም።» ድምፄ ጥሩ ነው፣ ይሰማል። ዐዋጢፍ የማይገባት ቃል ሲኖር ታናሽ ወንድሟ በዝግታ ይተረጉምላታል። እሱ እስኪተረጉም ቆም እያልኩ እጠብቅ ነበር። ማንም አላቋረጠኝም። አንድ ሰው እንዲያቋርጠኝ እግዚአብሔርን ለመንኩ።

«ጨረስክ?» አሉኝ ሼሁ።

«ጨረስኩ።»

አምባው ከጉድጓዱ ወጣ። አፈሩን ከእጁ አራግፎ አካፋውን ዘረጋልኝ።